ኦጋዴን ለቀረው አጎቴ መታሰቢያ ከየት ልጀምር?

ጠያቂዋ፣ ከደሴ፦
ሰላም ለዚህ ቤት። የእናቴ ታላቅ ወንድም የአየር ኃይል አብራሪ ነበር። በ1970 ኦጋዴን ዘምቶ በዚያው ቀረ። አስከሬኑም አልመጣም። አያቴ ዛሬ 90 አልፏታል፤ «ስሙ ድንጋይ ላይ ተጽፎ ሳላይ አትቅበሩኝ» ትላለች። እጃችን ላይ ያለው አንድ ፎቶ ነው። አውሮፕላን ሥር ቆሞ ይስቃል። ጀርባው ላይ በእስክሪብቶ «ለእማዬ፣ ደብረ ዘይት፣ 1966» ይላል። ቤተሰቡ ቦምብ ጣይ ያበር ነበር ይላል። ማስረጃ ግን የለንም። ሌላው ያስጨነቀኝ፣ አያቴ ክርስቲያን ናት፣ አባቱ ሙስሊም ነበሩ። ሐውልቱን የት እናቁም? ምንስ እንጻፍበት?

የሸዋ በሩ፦
እታለም፣ አብሽሪ። መጀመሪያ ፎቶውን ፊቱንም ጀርባውንም ስካን አስደርጊ። ላሚኔት እንዳታስደርጊው፣ ሙቀቱ ያበላሸዋል። ከዚያ አውሮፕላኑን በደንብ እይው። በግራና በቀኝ ክንፉ ላይ ትልልቅ ሞተሮች ካሉት፣ የአብራሪው መስታወትም እንደ ጉልላት ክብ ከሆነ፣ ካንቤራ ነው። እንግሊዝ ሠራሽ ቦምብ ጣይ ነው፤ አየር ኃይላችን 4 ነበሩት። ሞተሮቹ ጅራቱ በኩል ከሆኑ ግን ኤፍ-5 ይሆናል፣ እሱ ተዋጊ ጄት ነው።

ጡረተኛው፣ ከኮምቦልቻ፦
ልጄ፣ አያትሽ በልጃቸው ጡረታ ይቀበሉ ነበር? ከሆነ ደብተሩን ፈልጊ። የመለያ ቁጥሩን ካገኘሽ ነገሩ ይቀላል። ቢሾፍቱ ለአየር ኃይል በጽሑፍ አመልክቺ። የአያትሽን መታወቂያ ኮፒና ዝምድናውን የሚገልጽ የቀበሌ ደብዳቤ አያይዢ። ቀሪውን ማኅተም አስመትተሽ ያዢ። እኔ ለወንድሜ ጉዳይ ቀሪ ሳልይዝ አንድ መሥሪያ ቤት ገብቼ፣ «ደብዳቤህ አልደረሰንም» ተብዬ ሁለቴ ተመልሻለሁ። አዲስ አበባ ከሄድሽ ደግሞ ወመዘክር፣ ማለትም ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍቱ ገብተሽ የ1969ና የ1970 አዲስ ዘመን ጋዜጣን አገላብጪ።

የሐይቋ፦
እኛ ቤትም እንደናንተው ነው። ለአጎታችን ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ጸሎት አደረስን፣ ከሰዓት ዱዓና ሰደቃ። ሁለት በግ ታረደ፣ ድስቱም ለየብቻ። ማንም ቅር ሳይለው በልቶ መርቆ ሄደ። ድንጋዩን ቤተ ክርስቲያን ብናቆም የአባቱ ዘመድ ሊከፋው ነው፣ የሙስሊም መቃብር ስፍራ ብናደርገው የእናቱ። ስለዚህ የሰፈሩን ምንጭ አጎለበትን። ስሙን ቧንቧው ራስ ላይ ጻፍን። እስላም ክርስቲያኑ ይቀዳበታል። የነፍስ አባታችሁንና ሼሆቹን ግን አስቀድማችሁ አማክሩ።

የሸዋ በሩ፦
የሐይቋ ያለችው ልቤ ገባ። ጽሑፉን በተመለከተ ማዕረግ፣ ሙሉ ስም፣ የትውልድ ቀበሌ፣ የተወለደበትና የሞተበት ዓመት ይበቃል። ወረቀት ያላረጋገጠውን አትጻፉ። የወደቀበት ስፍራ ካልታወቀ «ኦጋዴን» በሉ። ደግሞ ካንቤራ በአንድ ሰው አይበርም፤ ናቪጌተር፣ አቅጣጫ መሪ ማለት ነው፣ አለው። ምላሹ ሲመጣ አብረውት የነበሩትን ስም ጠይቂ። የእነሱም እናቶች ልጃቸውን ሳይቀብሩ ቀርተው ይሆናል።

ጡረተኛው፣ ከኮምቦልቻ፦
እኔ «ጀግና» የምትለዋ ቃል ትግባ ባይ ነኝ። ለዚህች ወረቀት አያስፈልግም።

ጠያቂዋ፦
እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። ፎቶውን በመስኮቱ ብርሃን አየነው። ሞተሮቹ ክንፉ ላይ ናቸው! ስለ ምንጩ ለአያቴ ነገርኳት። ዝም ብላ ቆየችና «ልጅ ሆኖ እንስራ ተሸክሞ የሚወርደው እዚያው ነበር፤ እዚያው ይሁን» አለች። ደብተሩም ሳንዱቋ ውስጥ ተገኝቷል። ማዕረጉ ይነበባል፣ ከቁጥሩ ሁለቱ አኃዝ ደብዝዘዋል። ነገ ፎቶ ቤት አብሬ እወስደዋለሁ።