የጠፋው ጂን ትንሽ፣ በሽታው ትልቅ። እንዴት ነው ነገሩ?

አክስቱ፦
ሰላም ለሁላችሁ። የእህቴ ልጅ 5 ዓመቱ ነው። ባለፈው ወር ዱሸን የሚባለው የጡንቻ በሽታ አለበት ተባልን። ከዚያ በፊት ደሙ ላይ የጉበት ኢንዛይም ከፍ ብሎ ስለታየ ስምንት ወር ሙሉ ጉበት ጉበት ሲሉን ከረሙ፤ ልጁ ግን ከመሬት ሲነሳ ጭኑን በእጁ እየተደገፈ ነው፣ ደረጃ ያቅተዋል፣ ባቱ ደግሞ የኳስ ተጫዋች ባት መስሏል። ሐኪሙ «የጡንቻ ሴሉ ሽፋን ይቀደዳል» አለን። እሺ። ግራ የገባኝ ሌላ ነው። የእኛ ልጅ የጎደለው ኤክሶን 45 (ኤክሶን ማለት የጂኑ አንድ ቁራጭ ነው አሉን) ብቻ ነው። የማውቃት አንዲት እናት ልጅ ግን 45፣ 46፣ 47 ሦስቱም የሉትም፣ 17 ዓመቱ ነው፣ ይሄዳል። ብዙ የጠፋበት እንዴት ይሻላል?

ላብ ነኝ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ የጉበቱን ነገር ልናገር፣ ያበሽቀኛል። የጉበት ኢንዛይም የሚባሉት ኤኤልቲ እና ኤኤስቲ ጡንቻ ውስጥም አሉ። ሽፋኑ ሲቀደድ ሲኬ ከሚባለው የጡንቻ ኢንዛይም ጋር አብረው ደም ውስጥ ይፈሳሉ። ያኔ ሲኬ ቢለካ ኖሮ ጡንቻው ወዲያው ይጠረጠር ነበር።

በዱሸን የሚጎድለው ፕሮቲን ዲስትሮፊን ይባላል። ሽፋኑ ውስጥ አይደለም፣ ከስሩ ነው ያለው። ባንድ ጫፉ የሴሉን የውስጥ ማገር ይይዛል፣ በሌላው ጫፉ ሽፋኑ ላይ የተሰኩ ፕሮቲኖችን። ጡንቻው በተኮማተረ ቁጥር ጉተታውን የሚችለው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ሽፋኑ እዚህም እዚያም ይሰነጠቃል፣ ካልሲየም ይገባል፣ ሴሉ ይሞታል። ጡንቻ ራሱን ይጠግናል፣ ግን እስከ መቼ? ቀስ በቀስ ቦታውን ስብና ጠባሳ ይወርሰዋል። ያ የወፈረው ባትም ጉልበት አይደለም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ጂን የሚነበበው ሦስት ሦስት ፊደል እየተደረገ ነው። ይህን እይ፦

አበበ መጥቶ በሩን ዘግቶ አደረ

«መጥቶ» ሙሉው ይውጣ። «አበበ በሩን ዘግቶ አደረ»። አጠረ እንጂ ትርጉም አለው። አሁን ደግሞ «ጥ»ን ብቻ አውጪና ሦስት ሦስት አድርገሽ አንብቢ፦

አበበ መቶበ ሩንዘ ግቶአ ደረ

አለቀ። አንድ ፊደል ነው የጠፋው፣ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ዝባዝንኬ ሆነ። ኤክሶን 45 ብቻውን 176 ፊደል ነው፣ ለሦስት ሲካፈል ሁለት ይተርፋል፣ ስለዚህ ንባቡ ይናጋል። 45፣ 46 እና 47 ተደምረው 474 ናቸው፣ ለሦስት እኩል ይካፈላል። ያኛው ልጅ መሀሉ ያጠረ ግን ሁለት ጫፍ ያለው ዲስትሮፊን ይሠራል። ይህ ቀለል ያለው ዓይነት ቤከር ይባላል። የዲስትሮፊን ጂኑ ግማሽ ያህሉ ጠፍቶ 61 ዓመቱ ላይ እየሄደ የተገኘ ሰው በ1990 ተዘግቧል።

ባዮ ተማሪ፦
ምሳሌህ አሪፍ ነው፣ ግን ሰው ሁሌም እንደዚያ ነው ብሎ እንዳይወስደው። ሲስቲክ ፋይብሮሲስ የሚባለውን ሳንባን የሚጎዳ የዘር በሽታ ተመልከት። እዚያ በብዛት የሚገኘው ስህተት ልክ ሦስት ፊደል ነው የሚያጠፋው፣ ንባቡ አይናጋም። ፕሮቲኑ ከተሠራባቸው 1480 አሚኖ አሲዶች አንዷ፣ 508ኛዋ ብቻ ትጎድላለች። ፕሮቲኑ ግን በትክክል አይታጠፍም፣ ሴሉ ራሱ «ብልሹ» ብሎ ሽፋኑ ጋ ሳይደርስ ያጠፋዋል። ስለዚህ ክሎራይድ የሚያልፍበት በር ሽፋኑ ላይ የለም፣ ሳንባ ውስጥ አክታው ይወፍራል። ዋናው ነገር ስንት ጠፋ አይደለም፣ የጠፋው ከየት ነው የሚለው ነው።

ላብ ነኝ፦
ልክ ነህ፣ እቀበላለሁ። ዲስትሮፊን መሀሉ እንደ ረጅም ገመድ ተደጋጋሚ ስለሆነ ነው ማጠሩን የሚችለው። ጫፎቹ ቢነኩ ንባቡ ቢስተካከልም ብዙ ጊዜ አያድንም። «ኤክሶን ማዝለል» የሚባለው ሕክምናም ከዚሁ ሐሳብ የመጣ ነው፦ ሌላ ኤክሶን ጨምሮ በማስዘለል ንባቡን መመለስ። አያድንም፣ ከባዱን ወደ ቀላሉ ለማስጠጋት ነው።

አክስቱ፦
በፊደል ስታስረዱኝ ገና ዛሬ ገባኝ፣ ተባረኩ። አንድ ነገር ልጨምር። እህቴ «ከእኔ ነው የመጣበት» እያለች እንቅልፍ አጥታለች።

ላብ ነኝ፦
ጂኑ ኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ ከእናት ሊመጣ ይችላል፣ እውነት ነው። ግን ከልጆቹ አንድ ሦስተኛ በሚጠጉት ላይ ስህተቱ አዲስ ነው፣ እናትየው የላትም። ሳትመረመር ራሷን አትፍረድ። ተመርምራ ተሸካሚ ከሆነች ደግሞ ልቧን በየጊዜው ትታይ፣ ተሸካሚ ሴቶችም የልብ ጡንቻቸው ሊደክም ይችላል። ሴት ልጅ አላት?

አክስቱ፦
አለች፣ የ9 ዓመት። እሷን ማንም አላሰባትም ነበር።