ቀኑን ሙሉ ዝናብ፣ ጠባብ ትሬይለር፣ ሁለት ውሻና አንድ ድመት፦ ምን ትመክሩኛላችሁ?

ከነውሾቿ፦
ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ትሬይለራችንን (በመኪና የሚጎተት ቤት ነው) ጎትተን ካምፕ ወጥተናል፣ ከማታ ጀምሮ ግን ዝናቡ አላባራም፣ ትንበያው ደግሞ ነገም እንደዚሁ ነው ይላል። ትልቁ ውሻ ፀጉሩ ረጅም ስለሆነ ለሽንት ወጣ ብሎ በተመለሰ ቁጥር ጭቃውን ተሸክሞት ነው የሚገባው፣ ትንሿ ነጎድጓድ ስትሰማ ትንቀጠቀጥና ጠረጴዛ ስር ገብታ አልወጣም ትላለች፣ ድመቷ ደግሞ አልጋው ስር ያለው እቃ ማስቀመጫ ውስጥ ገብታ ከጠዋት ጀምሮ አልታየችም። መስኮቶቹ ከውስጥ በኩል ውሃ ያንጠባጥባሉ፣ ፍራሹም በግድግዳው በኩል እርጥብ እርጥብ ይላል። ባለቤቴ ምድጃውን ለኩሰን ቤቱን እናድርቀው እያለኝ ነው፣ እኔ ግን ልቤ አልወደደውም። ልምድ ያላችሁ እስኪ ንገሩኝ፣ ጉዞውን አቋርጬ መመለስ አልፈልግም።

መንገድ_ወዳድ፦
እህቴ ከሁሉም በፊት ምድጃውን ለማሞቂያ እንዳትለኩሱት፣ ልብሽ ልክ ነው። ከምድጃው ሊወጣ የሚችለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል መርዛማ ጋዝ ሽታም ቀለምም የለውም፣ እንደዛ ያለ ጠባብና የተዘጋ ቤት ውስጥ ደግሞ ቶሎ ይጠራቀማል፣ ሰው እንቅልፍ መጣብኝ ብሎ ጋደም ሲል ላይነሳ ይችላል። ብዙ ሰው የማያስበው ደግሞ ጋዝ ሲቃጠል ራሱ የውሃ ተን ያወጣል፣ አንድ ኪሎ ፕሮፔን ተቃጥሎ ሲያልቅ 1.6 ኪሎ አካባቢ ውሃ ነው የሚሰጠው፣ ስለዚህ ቤቱ ይድረቅ ብላችሁ የለኮሳችሁት ምድጃ የመስኮቱን እርጥበት ጭራሽ ያባብሰዋል። ትሬይለሩ የራሱ ማሞቂያ ካለው፣ ማለት ጭሱን በቱቦ ወደ ውጭ የሚያስወጣው፣ እሱን ተጠቀሙ፣ የሱ ሙቀት ደረቅ ነው። ግን የጭስ መውጫው በጭቃ ወይ በቅጠል እንዳልተዘጋ ውጭ ወጥታችሁ እዩት። ጄኔሬተር ካላችሁ ዝናብ እንዳይመታው ብላችሁ ከትሬይለሩ ጎን በሚወጠረው ሸራ ስር ወይ መስኮት አጠገብ አታስጠጉት፣ እባካችሁ። አላርሞቹ ባትሪ እንዳላቸው ዛሬውኑ ሞክሩ፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱንም የጋዙንም። የሲሊንደር ጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ሲያፈስ ወለል ላይ ነው የሚተኛው፣ ውሾቹ የሚተኙትም እዛው ወለል ላይ ነው። ከእናንተ አንዱን ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከያዘው ወይ ውሻው ከተንገዳገደ ሁላችሁም በዝናቡም ቢሆን ውጡ።

እርጥብ_ፎጣ፦
ከላይ የተባለው ላይ የምጨምረው መስኮት ስለመክፈት ነው። ዝናብ ነው ብለን ሁሉንም ጥርቅም አድርገን ስንዘጋ የሰዉም የእንስሳቱም ትንፋሽ፣ ከእርጥብ ፀጉር የሚወጣውም ሁሉ ቤት ውስጥ ይቀራል፣ ከዛ ቀዝቃዛ መስታወት ሲያገኝ ውሃ ሆኖ ይወርዳል። ስለዚህ የጣሪያውን መተንፈሻ ትንሽ ክፈቺው፣ ነፋሱ ከማይመጣበት ጎን ደግሞ አንድ መስኮት በጣት ያህል ገርበብ አድርጊው፣ አየሩ በታች ገብቶ በላይ ይወጣል። ትንሽ ይቀዘቅዛል አዎ፣ ግን ልዩነቱን ራስሽ ታዪዋለሽ። ፍራሹን ከግድግዳው ፈቀቅ አድርጋችሁ ስሩ አየር እንዲያገኝ በአንድ በኩል ቀና አድርጉት፣ ካልሆነ ሻጋታ ይይዛል።

ውሾቹን በተመለከተ ዋናው ነገር ውሃውን በር ላይ ማስቀረት ነው። ሸራው ስር ቆመው መጀመሪያ ራሳቸውን ያራግፉ፣ አትቸኩሏቸው፣ ከዛ ሆዳቸውንና እግራቸውን በፎጣ፣ በተለይ በጣቶቹ መሃል ያለውን፣ እዛ እርጥበት ሲቆይ ቆዳው ይቆጣል ይላሱታል ይብሳል። ጆሮ የተንጠለጠለ ከሆነ ውስጡንም በደረቅ ጨርቅ ጠረግ አድርጉለት ምክንያቱም የጆሮ ኢንፌክሽን እርጥበት ይወዳል። ማይክሮፋይበር ፎጣ ከወፍራሙ ይሻላል፣ ጨምቀሽው መልሰሽ ትጠቀሚበታለሽ። ያገለገለውን ፎጣ አልጋ ላይ አትጣዪው፣ ሻወሩ ውስጥ ይሰቀል።

ሸራውንም አንዱን ጥግ ዝቅ አድርጉት ውሃው እንዲወርድ፣ ሜዳ ሆኖ ከተወጠረ ውሃ ያቁርና ክብደቱ ብረቱን ያጣምመዋል። ነፋስ ከመጣ ግን ወዲያው ጠቅልሉት። ሌላ ደግሞ እርጥበት የሚመጥጡ በዕቃ የሚሸጡ ነገሮች አሉ፣ ብዙዎቹ ካልሲየም ክሎራይድ ናቸው፣ ስሩ የሚጠራቀመውን ፈሳሽ ድመት ወይ ውሻ ከላሰው አፉንና ሆዱን ስለሚያቃጥለው የሚዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ ብቻ ይቀመጥ።

ውሮ_በካራቫን፦
ድመቷን ተያት፣ እውነቴን ነው። የተደበቀችበት ቦታ ደረቅና አየር ያለው ከሆነ እሷ የመረጠችው ቦታ ነው፣ ጎትቶ ማውጣት ጭንቀቱን ያባብሰዋል። ውሃዋንና የአሸዋ ሳጥኗን ቀረብ አድርጊላት፣ ማታ ፀጥ ሲል ራሷ ትወጣለች። እኔን የሚያሳስበኝ በሩ ነው፣ ውሻ ለማስወጣት በሩ በተከፈተ ቁጥር የደነገጠች ድመት ሹልክ ብላ ልትወጣ ትችላለች፣ በዝናብና በማታውቀው ቦታ ደግሞ መመለሻው ይጠፋታል። እና አንድ ሰው እሷን ሳያይ በሩ አይከፈት።

ትንሿ ውሻ ላይ ደግሞ ስትፈራ ብታቅፏት ፍርሃቱን ታስለምዷታላችሁ የሚባለው ልክ አይደለም፣ ፍርሃት በማባበል አይጨምርም። መጋረጃውን ዝጉ መብረቁ እንዳይታያት፣ ለስለስ ያለ ሙዚቃ ክፈቱ፣ ጠረጴዛው ስር ብርድ ልብስ አንጥፉላት፣ ፈልጋ ከመጣች እቀፏት ካልመጣች ተዉአት። በጣም የሚብስባት ከሆነ ከሚቀጥለው ጉዞ በፊት የእንስሳት ሐኪም አማክሪ፣ መድኃኒት አለው፣ ግን ነጎድጓዱ ሳይጀምር የሚሰጥ ነው።

ትልቁ ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ስለዋለ ይሰለቸዋል ማኘክ ይጀምራል። ከምግቡ ላይ ቆንጥራችሁ ፎጣ ውስጥ ጠቅልላችሁ ስጡት፣ ወይ ቤቱ ውስጥ እዚም እዛም ደብቁለት፣ በአፍንጫው ፈልጎ ሲያገኝ እንደ ሩጫ ነው የሚደክመው፣ ከዛ ይተኛል።

ጥላ_የለሽ፦
ሁለት ነገር ባጭሩ። ነጎድጓድ እየተሰማ ለሽንት አታውጧቸው፣ የመጨረሻውን ከሰማችሁ በኋላ 30 ደቂቃ ጠብቁ፣ ዛፍ ስር አስሮ መተው ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ሁለተኛ ከኩሬ እንዳይጠጡ። ሌፕቶስፓይሮሲስ የሚባለው በሽታ በአይጥና በዱር እንስሳ ሽንት ነው የሚተላለፈው፣ ባክቴሪያው በቆመ ውሃና በረጠበ አፈር ለሳምንታት ሊቆይ ይችላል፣ ከውሻም ወደ ሰው ይመጣል። ክትባት አለው፣ በየዓመቱ የሚደገም፣ ካርዳቸውን እዪ።

ከነውሾቿ፦
ኧረ ተባረኩ ሁላችሁም። ምድጃው ቀርቷል፣ መልእክቱን ለባለቤቴ አንብቤለት እሱም ተስማምቷል፣ ማሞቂያውን ነው የለኮስነው። የጣሪያውን ከፈትነው መስታወቱም መጥራት ጀምሯል። አንድ ጥያቄ ግን፣ የቆምንበት ለወንዝ ቀረብ ያለ ዝቅ ያለ ቦታ ነው፣ ውሃውም ከጠዋቱ ደፍርሷል፣ ከፍ ወዳለው ሜዳ እንሂድ ወይስ ድመቷ ትረጋጋ?

መንገድ_ወዳድ፦
አሁኑኑ ሂዱ፣ ሳይጨልም፣ የድመቷ መረጋጋት ይቆየን። የደፈረሰ ወንዝ ማለት ላይኛው በኩል ብዙ ዘንቧል ማለት ነው፣ እናንተ ጋ ቢያባራም ሊሞላ ይችላል። ድመቷን በመያዣዋ አድርጋችሁ ሦስቱንም መኪናው ውስጥ አስገቧቸው፣ ቅርብ ነው ብላችሁ ትሬይለሩ ውስጥ አትተዉአቸው፣ ሲጎተት እቃው ይወድቅባቸዋል፣ ቢደነግጡም የሚያያቸው የለም። መሬቱ ረስርሶ ጎማው ከሰመጠ ደግሞ ትሬይለሩን ፈታችሁ ተዉትና በመኪናው ብቻ ውጡ። ስትደርሱ ጻፊልን።