የልጆች ፀጉር ኬሚካል በሕግ ይከልከል?

የገርጂዋ እናት፦ ለበዓል ፀጉር ቤት ወረፋ ይዣለሁ። አጠገቤ ሰባት ዓመት የማይሞላት ልጅ ኬሚካል ተቀብታ ተቀምጣለች። «እማዬ፣ አቃጠለኝ» ትላለች። እናትየዋ «ትንሽ ቻይው፣ ገና አልያዘም» ትላታለች። እኔም ዝም ብዬ ወጣሁ፤ እስካሁን ይቆጨኛል። ፀጉር ቤቶች ለልጅ ኬሚካል እንዳይቀቡ ይከልከሉ ባይ ነኝ። እናንተስ?

ሉጫዋ፦ ለፀጉር ደግሞ ሕግ? እኔ በዘጠኝ ዓመቴ ተቀብቻለሁ፣ ይኸው አለሁ። ጠዋት ጠዋት ማበጠሪያ ስታይ የምታለቅስ ልጅ ያላት ታውቀዋለች። ሹሩባውስ ምን ተሻለ? አጥብቀው ሲሠሩት የግንባሩን ፀጉር ይዞት ይሄዳል። እሱም ይከልከላ!

ፀጉር ሠሪዋ፦ ስለ ሹሩባው እውነትሽን ነው። በተለይ ግንባርና ጆሮ አካባቢ ይመልጣል። ግን ሹሩባ ካመመ ይፈታል፤ ኬሚካል አይፈታም። ብዙ ሪላክሰር (ይሄ የምንቀባው ኬሚካል) ውስጥ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ አለ፤ የተዘጋ ቱቦ የሚከፍቱበት ዓይነት። ፀጉሩን ቀጥ የሚያደርገው ውስጡ ያሉትን የሰልፈር ማሰሪያዎች በጥሶ ነው። ቆዳ ካገኘ ደግሞ ቆዳውን ይበላል። «ኖ ላይ» የሚሉት፣ ሶዲየም ሃይድሮክሳይድ የሌለበትና ሳቂታ ሕፃን የተለጠፈበትም ቢሆን ትንሽ ቢለዝብ ነው እንጂ ያቃጥላል።

«ሲያቃጥል ነው የሚይዘው» የሚሉት ነገር ያናድደኛል። ካቃጠለ ወዲያው ይታጠባል፣ አለቀ።

ለትልልቆቹም ቢሆን ዝም ብዬ አልቀባም። በዚያ ሳምንት ራሷን የታጠበች ወይም ያከከች፣ ቁስል ያላት ካለች ሌላ ቀን ነይ እላለሁ። ግንባርና ጆሮ ዙሪያ ቫዝሊን፣ እጄ ላይ ጓንት። የምቀባው አዲስ የበቀለውን ሥር ብቻ ነው፣ እሱንም ከ8 ሳምንት በኋላ። ሰዓት እይዛለሁ። በደንብ ካጠብኩ በኋላ ኬሚካሉን በሚያረክሰው ሻምፖ እደግማለሁ። ቀለምና ኬሚካል በአንድ ቀን? ወይ ፍንክች! እርጥብ ፀጉር ላይ ፒያስትራም አይነካም።

ክልከላውን ግን እፈራዋለሁ። እኔ ልጅቷን ብመልሳት፣ እናትየው ከሱቅ ገዝታ ቤቷ ትቀባታለች። ያለ ጓንት፣ ያለ ሰዓት።

ባለ አፍሮው፦ ወንድ ምን አገባህ እንዳትሉኝ፣ ሁለት ሴት ልጆች አሉኝ። አሜሪካ ውስጥ 33,497 ሴቶችን 11 ዓመት ገደማ ተከታትለው በ2022 (እ.ኤ.አ.) ውጤቱን አወጡ። በዓመት ከአራት ጊዜ በላይ ፀጉር ማለስለሻ የተጠቀሙት፣ ጨርሶ ካልተጠቀሙት ይልቅ በማህፀን ካንሰር የመያዝ ዕድላቸው ከእጥፍ በላይ ነው። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋላችሁ?

ሉጫዋ፦ ወንድሜ፣ ቁጥሩን ጨርሰው እንጂ። ያልተጠቀሙት እስከ 70 ዓመታቸው የመያዝ ዕድላቸው 1.64 በመቶ፣ የተጠቀሙት 4.05 በመቶ። «እጥፍ» ሲባል ያስደነግጣል። ደግሞ ጥናቱ ግንኙነት አየ እንጂ ኬሚካሉ አመጣው ብሎ አልደመደመም። ሴቶቹም ሲጀመር ከ35 ዓመት በላይ ናቸው።

ባለ አፍሮው፦ 4 በመቶ ላንቺ ትንሽ ነው? ደግሞ ልጅ በሰባት ዓመቷ ከጀመረች 35 እስኪሞላት ስንት ጊዜ ትቀባለች?

ከሃይፋ፦ እዚህ ያስፈራን ሌላ ነው። ከ2019 እስከ 2022 ፀጉራቸውን አለስልሰው ኩላሊታቸው በድንገት የታመመ 26 ሰዎች እስራኤል ውስጥ ተመዝግበዋል። የተጠረጠረው በፎርማሊን ፋንታ ማለስለሻ ውስጥ የሚገባው ግላዮክሲሊክ አሲድ ነው። «ፎርማሊን የለበትም» ሲባል ደህና ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ የለበትም የተባለው ምን እንደተተካበት ጠይቁ።

ፀጉር ሠሪዋ፦ ፎርማሊን ያለበት ኬራቲን የሚሉት ማለስለሻማ በፒያስትራ ሲግል ጢሱን የምንምገው እኛ ነን። ደንበኛዋ በዓመት ሁለቴ፣ እኔ በቀን ሦስቴ። መስኮት ያልከፈተ ቤት ገብታችሁ ዓይናችሁ ካለቀሰ ውጡ።

የገርጂዋ እናት፦ እሺ፣ በሕግ መከልከሉ ላይ ላንስማማ እንችላለን። ግን ፀጉር ቤቱ «ለልጅ አንቀባም» ብሎ በሩ ላይ ቢለጥፍስ? ሕግ አያስፈልገውም።

ሉጫዋ፦ እሱን አልቃወምም። የኔዋን ግን ማን ያበጥርልኝ?

ፀጉር ሠሪዋ፦ ደርቆ አይበጠርማ! ውሃና ኮንዲሽነር አድርጊበት፣ ጥርሱ ሰፋ ያለ ማበጠሪያ ያዢ፣ ከጫፍ ወደ ሥር ሂጂ። ቅዳሜ ይዘሻት ነይ፣ ላላ አድርጌ ሹሩባ እሠራታለሁ።

ሉጫዋ፦ ካጠበቅሽ እከስሻለሁ።