ዓይናፋር ነኝ፤ ለሶሮሪቲ ሪክሩትመንት ልመዝገብ ወይስ ይቅርብኝ?

አራት_ኪሎ_ልጅ፦

ሰላም ለሁላችሁ። ነሐሴ ላይ አሜሪካ፣ ደቡብ ውስጥ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ልጀምር ነው። ቪዛዬ ኤፍ ዋን (የተማሪ ቪዛ) ነው፣ ስኮላርሺፑ የትምህርት ክፍያውን ግማሽ ይሸፍናል። ሶሮሪቲ የሚሉት የሴት ተማሪዎች ማኅበር ሪክሩትመንት፣ ማለትም የአዲስ አባላት ምልመላ፣ ምዝገባው ተከፍቷል የሚል ኢሜይል ደርሶኛል። እዚያ የማውቀው ሰው ስለሌለ ጓደኛ ማግኛ ይሆነኛል ብዬ ነበር፤ ግን የማላውቀው ሰው ሲያናግረኝ ከአፌ የሚወጣው ሁለት ቃል ነው። በቀን ስድስት ሰባት ቤት (እያንዳንዱን ሶሮሪቲ «ቤት» ይሉታል) እየገቡ ማውራት የሚለውን ሳነብ ፈራሁ። ለእንደኔ ዓይነት ሰው ይሆናል? እናቴ ደግሞ «የምን ማኅበር ነው?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጣሁ።

ሰባራ_ባቡር፦

እህቴ፣ የእናትሽ ይቀላልና ከእሱ ልጀምር። የሴቶች ማኅበር ነው በያቸው። መዋጮ አለው፣ በየሳምንቱ ስብሰባ አለው፣ ሲቀሩ ቅጣት አለው፣ ለበጎ አድራጎት ገንዘብ ይሰበስባል። ጽዋ ግን የለውም። የግሪክ ፊደል ስላዩም የሃይማኖት ነገር እንዳይመስላቸው።

ወደ አንቺ ስመጣ፣ ፓንሄለኒክ የሚባሉት፣ ማለትም በአንድ የጋራ ጉባኤ ሥር ያሉት ሶሮሪቲዎች የሚያካሂዱት መደበኛ ሪክሩትመንት ከተራ ፓርቲ ይልቅ ለዝምተኛ ሰው ይመቻል ባይ ነኝ። ፓርቲ ላይ ማንን ላናግር እያልሽ ግድግዳ ተደግፈሽ ታመሻለሽ። እዚህ ግን አንዷ አባል በር ላይ ተቀብላሽ ይዛሽ ትገባለች፣ ወሬውን የምትጀምረውም እሷ ናት። ጥቂት ደቂቃ ቆይቶ ሌላዋ መጥታ ትተካታለች። በመጀመሪያው ዙር አንድ ቤት ውስጥ የምትቆዪው ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ገደማ ስለሆነ፣ ወሬው ባይጥምም ሰዓቱ ራሱ ያወጣሻል።

ዙሮቹ ባብዛኛው አራት ናቸው፤ ሁሉንም ቤት የምትዞሪበት፣ የበጎ አድራጎት ሥራቸውን የሚያስረዱበት፣ እርስ በርስ ያላቸውን እህትማማችነት የሚያሳዩበት፣ በመጨረሻ ደግሞ ፕሪፈረንስ፣ ማለትም የመጨረሻው የምርጫ ዙር። ቤቱ እየቀነሰ ቆይታው እየረዘመ ይሄዳል። ፕሪፈረንስ ላይ ብዙውን ጊዜ ከሁለት ቤት በላይ አይቀርሽም፣ እያንዳንዱም እስከ አንድ ሰዓት ሊወስድ ይችላል። ዙር ባለቀ ቁጥር አንቺ የወደድሻቸውን ታስገቢያለሽ፣ እነሱም መልሰው የሚጋብዟቸውን፤ ሁለቱ ዝርዝር ይገጣጠማል። ጠዋት በሚሰጥሽ ፕሮግራም ላይ የወደድሽው ቤት ከሌለ «ዝም ስላልኩ ነው» ብለሽ እንዳትደመድሚ። እያንዳንዱ ቤት በየዙሩ ስንት ሰው መልሶ መጋበዝ እንዳለበት ቁጥር ይሰጠዋል። ብዙ ሴት የሚፈልገው ቤት ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ብዙ ሰው ለማሰናበት ይገደዳል።

የእኛ አገር ልጆች የሚቸገሩት ሌላ ቦታ ነው። «ከየት ነሽ?» ትልሻለች። «ከኢትዮጵያ» ትያታለሽ። ከዚያ ጸጥታ። ጥያቄው ወሬ ለመክፈት ነበር፣ አንቺ ዘጋሽው። «ከአዲስ አበባ ነኝ፤ ሰፈራችን አራት ኪሎ ነው፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ። ሁሉ ነገር በእግር ነበር። እዚህስ ያለ መኪና ይኖራል?» ብትያት የምትይዘው ነገር ሰጠሻት። መልሱ ሁለት ዓረፍተ ነገር፣ መጨረሻው ጥያቄ። ከየት መጣሽ፣ ምን ልትማሪ ነው፣ ለምን ሶሮሪቲ ፈለግሽ፣ ትርፍ ጊዜሽን በምን ታሳልፊያለሽ፤ ለእነዚህ ለአራቱ ካዘጋጀሽ የመጀመሪያውን ቀን ትወጪዋለሽ።

ዓይን መስበር ለእኛ ጨዋነት ነው፣ እዚያ ግን «አልወደደችንም» ተብሎ ይተረጎማል። ውኃ ሲሰጡሽም እንደ ቤታችን ሁለቴ እንቢ ብለሽ እንዲለምኑሽ አትጠብቂ። አንዴ «አልፈልግም» ካልሽ አለቀ፣ በዚያ ሙቀት ጉሮሮሽ ደርቆ ትቀሪያለሽ።

ልምምዱን ጸጥ ባለ ሳሎን አታድርጊው። ትልልቆቹ ቤቶች ውስጥ በሩ ሲከፈት ሴቶቹ ተደራርበው እየዘፈኑ፣ እያጨበጨቡ ነው የሚቀበሉሽ። ከዚያም አንድ ክፍል ውስጥ ሁሉም በአንዴ ያወራል። ፒያሳ ሰው የሚተራመስበት ማኪያቶ ቤት ሂጂና ከአክስትሽ ልጅ ጋር ቆማችሁ፣ በእንግሊዝኛ፣ ስልክ ላይ ሰባት ደቂቃ ሞልታችሁ አውሩ። ድምፅሽ ከጩኸቱ በላይ ይሰማ እንደሆነ ትንገርሽ።

ካዛንቺስ_ማዶ፦

ከላይ የተባለው ልክ ነው፣ ግን ገንዘቡን ሳታጣሪ አትመዝገቢ። የምዝገባው ክፍያ ትንሽ ነው፤ የሚያስለቅሰው መዋጮው ነው። እንደ ግቢው ይለያያል፤ በሴሚስተር ከጥቂት መቶ ዶላር ይጀምርና ትልልቅ ቤት ያላቸው ግቢዎች ላይ ብዙ ሺህ ይገባል። የመጀመሪያው ሴሚስተር የአዲስ አባልና የባጅ ክፍያ ስለሚጨመርበት ይብሳል። «የመጀመሪያው ዓመት ጠቅላላ ወጪ ስንት ነው? ቤቱ ውስጥ መኖር ግዴታ ነው? ለስንት ጊዜ?» ብለሽ ጠይቂ፤ ነውር የለውም። ግማሽ ስኮላርሺፕሽ ይህን አይነካውም። ሠርቼ እከፍላለሁ እንዳትዪም፦ በኤፍ ዋን ትምህርት ባለበት ጊዜ ግቢ ውስጥ በሳምንት ከ20 ሰዓት በላይ አይሠራም፣ ከግቢ ውጭ ደግሞ የመጀመሪያው ዓመት ዝግ ነው።

ሌላው ቀኑ ነው። ደቡብ ውስጥ ብዙ ዩኒቨርሲቲዎች ሪክሩትመንቱን ትምህርት ከመጀመሩ በፊት ባለው ሳምንት ያካሂዱታል። አይ ትዌንቲሽ (ዩኒቨርሲቲው ለቪዛ የሚሰጥሽ ቅጽ) ላይ ከተጻፈው የመጀመሪያ ቀን ከ30 ቀን በላይ ቀድመሽ መግባት አትችዪም። የውጭ ተማሪዎች ኦረንቴሽን ደግሞ ከሪክሩትመንቱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። ትኬት ከመቁረጥሽ በፊት የውጭ ተማሪዎችንም የፓንሄለኒክንም ቢሮ በኢሜይል ጠይቂ፣ ዶርም ቀድሞ ለመግባት ተጨማሪ ክፍያ ካለም እግረ መንገድሽን።

የዙም ስብሰባ ከጠሩሽ ሰዓቱን ተጠንቀቂ። በበጋቸው፣ ምሥራቅ አሜሪካ ማታ 6 ፒ.ኤም ማለት እዚህ ከሌሊቱ 7 ሰዓት ነው። ፈረንጅ ቀን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ስለሆነ ስልክሽ የማግስቱን ቀን ያሳይሻል። አላባማና ቴክሳስ ከሆነ አንድ ሰዓት ጨምሪበት።

የሃዋርድ_ጎረቤት፦

እስካሁን የተጻፈው ስለ ፓንሄለኒኮቹ ብቻ ነው። የጥቁሮቹ ሶሮሪቲዎች መንገድ ፈጽሞ ሌላ ነው። አልፋ ካፓ አልፋ (1908 እ.ኤ.አ.)፣ ዴልታ ሲግማ ቴታ (1913) እና ዜታ ፋይ ቤታ (1920) ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ፣ ሲግማ ጋማ ሮ (1922) ኢንዲያናፖሊስ ነው የተመሠረቱት። ቤት ለቤት መዞር የለም። ግቢው ውስጥ ማስታወቂያ ይለጠፋል፣ የመረጃ ስብሰባ ይደረጋል፣ ማመልከቻ ይገባል። ገና የመጀመሪያ ሴሚስተር ላይ ያለች ተማሪ ባብዛኛው አትገባም፤ የተጠናቀቀ የኮሌጅ ክሬዲትና ከ2.5 ያላነሰ ውጤት ይጠይቃሉ። ለዓይናፋር አንድ ዓመት ማየት ክፋት የለውም። ለማንም «ልገባ ነው» እያልሽ አታውሪ፣ ፊደላቸውን አትልበሺ፣ የእጅ ምልክታቸውንም አታሳዪ። ይህን እንደ ንቀት ያዩታል።

የትኛውም ወገን ቢሆን አዲስ አባልን ማንገላታት፣ ማለትም ሃዚንግ፣ የተከለከለ ነው። በዲሴምበር 2024 የወጣ የፌዴራል ሕግ ዩኒቨርሲቲዎች የተረጋገጠባቸውን ቡድኖች በድረ ገጻቸው እንዲያወጡ ያስገድዳል። የዩኒቨርሲቲሽን ሪፖርት ፈልጊና የቤቶቹን ስም አመሳክሪ።

ሽሮ_ሜዳ፦

ልብስ ያነሳ የለም። የመጀመሪያ ቀን ብዙ ቦታ ቲሸርት ያድላሉ፣ ፕሪፈረንስ ላይ ደህና ቀሚስ ነው። የአዲስ አበባን ነሐሴ እያሰብሽ ወፍራም ጨርቅ እንዳትይዢ፤ እዚያ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ ወበቁ ጉድ ነው። ቀጭን ጥበብ ያለው አጭር የሐበሻ ቀሚስ ለሦስተኛው ዙር ያምራል፣ ወሬም ራሱ ይከፍታል። ተረከዙ ቀጭን ጫማ ሣር ላይ ይሰምጣል፣ ተዪው።

አራት_ኪሎ_ልጅ፦

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። መሃል ላይ ባልፈልግስ? ብወጣ የሚቀርብኝ ነገር አለ?

ሰባራ_ባቡር፦

መውጣት በማንኛውም ዙር ይቻላል። ለሮ ጋማሽ መልእክት መላክ በቂ ነው። ሮ ጋማ ማለት የራሷን ቤት አባልነት ለሳምንቱ ወደ ጎን ትታ ቡድናችሁን የምትመራ ተማሪ ናት፣ ግቢው ሌላ ስም ሊሰጣት ይችላል። በር ላይ መናገር ካፈርሽ ለእሷ በጽሑፍ ጻፊላት። አደራ ግን ሁለተኛው ቀን ማታ፣ ደክሞሽ እያለቀስሽ አትወስኚ። ብዙ ሰው የሚወጣው ያን ጊዜ ነው።

የምትጠነቀቂው ከፕሪፈረንስ በኋላ የምትፈርሚውን ስምምነት ነው። እዚያ ላይ የጻፍሽው ቤት ቢድ፣ ማለትም የመግቢያ ጥሪ፣ ሰጥቶሽ እንቢ ካልሽ፣ እስከሚቀጥለው ዓመት ዋና ሪክሩትመንት ድረስ እዚያው ግቢ ሌላ ፓንሄለኒክ ሶሮሪቲ መግባት አትችዪም። ስለዚህ በእርግጥ የማትገቢበትን ቤት አትጻፊ። በሌላ በኩል አንዱን ብቻ ጽፈሽ እሱ ካልጠራሽ ባዶ እጅሽን ትቀሪያለሽ። ሳትፈርሚ ከወጣሽ ግን፣ ቦታ ያልሞላላቸው ቤቶች ኦፕን ቢዲንግ በሚሉት መንገድ በሴሚስተሩ ውስጥ ሰው ይወስዳሉ። እሱ ዙር የለውም፤ ቡና እየጠጣችሁ ከሁለት ሦስት አባል ጋር ማውራት ነው። መስከረም ላይ የፓንሄለኒክ ቢሮውን «የትኞቹ ቤቶች ቦታ አላቸው?» ብለሽ ጠይቂ።