በማኅበራዊ ሚዲያ ስለሚሸማቀቁ ታዳጊዎች የምናቀርበው የጋራ ሐሳብ፦ በረቂቁ ላይ የተደረገ የዕቅድ ውይይት

ጸሐፊ፦
የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ለፍትሕ ሚኒስቴርና ለትምህርት ሚኒስቴር የምናቀርበው ሐሳብ የመጀመሪያ ረቂቅ ለሁላችሁም ደርሷል። የረቂቁ እምብርት «በማኅበራዊ ሚዲያ ታዳጊዎችን ማሸማቀቅ ራሱን የቻለ ወንጀል ሆኖ ይደንገግ፤ ፈጻሚውም በእስራት ይቀጣ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ነው። ያስገባሁት ባለፈው ስብሰባ አብዛኞቻችሁ ስለተስማማችሁበት እንጂ እኔ ራሴ ሙሉ በሙሉ አምኜበት አይደለም። ስለዚህ ሌላውን ክፍል ከመነካካታችን በፊት ይህ ዓረፍተ ነገር ይቆይ ወይስ ይውጣ በሚለው ላይ ምክንያታችሁን እንድትጽፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ። የቃላት እርማት ያላችሁ ለኋላ አቆዩልኝ።

የሕግ ባለሙያ፦
ጸሐፊያችንን ስለ ድካማቸው እያመሰገንሁ፣ ዓረፍተ ነገሩ ቢወጣ እመርጣለሁ። ይህን የምለው ጥፋቱን አቅልዬ ሳይሆን ቅጣቱ በሕግ ተደንግጎ ስለሚገኝ ነው። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 አንቀጽ 13 ሌላውን ሰው ወይም ቤተሰቡን በከባድ ጉዳት የሚያስፈራራ ሰው እስከ 3 ዓመት በሚደርስ ቀላል እስራት፣ ነገሩ ከባድ ሲሆንም እስከ 5 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት እንዲቀጣ ይደነግጋል። ስለ ተጎጂው መረጃ እያሰራጨ ፍርሃት ወይም የሥነ ልቦና ጫና የሚያሳድር ሰው ደግሞ እስከ 5 ዓመት ቀላል እስራት፣ በከባድ ሁኔታም እስከ 10 ዓመት ጽኑ እስራት ይጠብቀዋል። ስም ማጥፋት በዚያው አንቀጽ እስከ 3 ዓመት እስራት፣ ወይም እስከ 30,000 ብር መቀጮ፣ ወይም በሁለቱም ያስቀጣል። ለአካለ መጠን ባልደረሱ ልጆች ላይ የሚፈጸመው የወሲብ ይዘት ያለው ወንጀልም በአንቀጽ 12 ለብቻው ተደንግጓል። ይህ ሁሉ ድንጋጌ እያለ፣ አሥር ዓመት ጽኑ እስራትን ፈርቶ እጁን የሰበሰበ ተማሪ እስከ ዛሬ አላጋጠመኝም።

ሕጉ የሚሰናከለው ሌላ ቦታ ላይ ነው። ስም ማጥፋት የሚያስከስሰው በግል አቤቱታ ሲሆን፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 213 መሠረት አቤቱታው ተበዳዩ ድርጊቱን ወይም አድራጊውን ካወቀበት ቀን አንሥቶ በ3 ወር ውስጥ መቅረብ አለበት፤ ነገሩ ተድበስብሶ ይለፍ ብሎ ዝም ያለ ቤተሰብ ቆይቶ ሐሳቡን ሲለውጥ ጊዜው አልፎበታል ማለት ነው። ከዚህም በላይ አንቀጽ 13 በእኔ አረዳድ አንድ አሳዳጅና አንድ ተሳዳጅ ያሉበትን ሁኔታ ያሰበ ነው። አንድን ምስል ሰባ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ አንድ ጊዜ ብቻ ፎርዋርድ ቢያደርጉት፣ ጫናውን የፈጠረው የትኛው እንደሆነ ለማስረዳት ዐቃቤ ሕግ ይቸገራል።

የፈጻሚዎቹ ዕድሜም አለ። የወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላውን ልጅ ተጠያቂ አያደርግም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ባለው ላይም ለአዋቂ የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምም። ፍርድ ቤቱ ሊያዝዝ የሚችለው ተግሣጽን፣ በቅርብ ክትትል የሚሰጥ ትምህርትን፣ በትምህርት ቤት ወይም በቤት ተወስኖ መቆየትን፣ ሲብስም ወደ ጠባይ ማረሚያ ተቋም መግባትን ነው። እንግዲህ ያለ ልዩነት «በእስራት ይቀጣ» ብለን ብንጽፍ፣ የሰባተኛና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎችን በተመለከተ ሕጉ ራሱ የማይፈቅደውን ነገር መጠየቃችን ነው።

የወላጆች ተወካይ፦
ከላይ የተጻፈው በሕግ ዓይን ትክክል እንደሆነ አልጠራጠርም። ነገር ግን የልጄ ፎቶ በቴሌግራም ቻናል ላይ ከአጸያፊ ጽሑፍ ጋር በወጣ ጊዜ ወደ ትምህርት ቤቱ ብሄድ ድርጊቱ ከግቢ ውጭ የተፈጸመ ስለሆነ እንደማይመለከታቸው ነገሩኝ፤ ወደ ፖሊስ ጣቢያ ብሄድ ደግሞ «ማን እንደለጠፈው አጣርተው ይምጡ» ተባልሁ። ቅጣት የሚለው ቃል ከሐሳባችን ከጠፋ፣ ወረቀቱ የሚደርሰው ባለሥልጣን ነገሩን እንደ ልጆች ጨዋታ ቆጥሮ መሳቢያ ውስጥ እንዳይከተው እሰጋለሁ። ልጄን የጎዳው ሰው ልጅ ቢሆንም አንድ ነገር ሊደርስበት ይገባል።

መምህርት፦
የእኅታችንን ቁጣ እጋራለሁ፤ ያም ሆኖ ነገሩ በትምህርት ቤት ውስጥ እንዴት እንደሚሠራ ባስረዳ ለረቂቁ የሚጠቅም ይመስለኛል። ተማሪዎች «ኮንፌሽን» (ኑዛዜ) የሚሉት የቴሌግራም ቻናል አላቸው። ላኪው ጽሑፉን ለቦት፣ ማለትም መልእክት ተቀብሎ ራሱ ለሚያስተላልፍ ፕሮግራም፣ ይልካል፤ ቦቱ የላኪውን ስም ደብቆ ለአድሚኑ (ለቻናሉ አስተዳዳሪ) ያስተላልፋል፤ አድሚኑም የወደደውን መርጦ ተራ ቁጥር እየሰጠ ይለጥፋል። የተጎጂዋ ስም አይጠራም። የክፍሏ ምድብ፣ የቦርሳዋ ቀለም፣ ከማን ጋር እንደምትቀመጥ ይጻፋል፤ ይህም ይበቃል። ስልክ ይዞ መግባት በተከለከለበት ትምህርት ቤት እንኳ፣ ማታ የተለጠፈውን ሁሉም ቤቱ አንብቦት ስለሚመጣ፣ ጠዋት ሰንደቅ ዓላማ ሲሰቀል ከሰልፉ ዞር ዞር እያሉ ወደ ማን እንደሚያዩ በማየት ብቻ የዚያን ቀን ባለ ተራ ማወቅ ይቻላል። በሳምንቱ ሆድ ቁርጠት፣ ራስ ምታት፣ ከዚያም ከትምህርት መቅረት ይከተላል።

አድሚኑን አጣርተን ስንደርስበት ደግሞ ያገኘነው 15 ዓመት ያልሞላው ልጅ ነበር፤ እርሱም ከወራት በፊት በሌላ ቻናል መሳቂያ ሆኖ የከረመ ነው። ይህን የምጽፈው እርሱን ነጻ ለማውጣት አይደለም፤ በፈጻሚና በተጎጂ መካከል እኛ የምናስበውን ያህል ግልጽ መስመር እንደሌለ እንድናስብበት ነው። ወደ ቢሮዬ የመጡት ልጃገረዶች የሚጠይቁኝ ነገር ሁልጊዜ አንድ ነው፦ እንዲጠፋላቸው ይፈልጋሉ። ዛሬ፣ ከተቻለም ከማታ በፊት። ረቂቃችን ስለዚህ አንድም ቃል የለውም።

የሕግ ባለሙያ፦
መምህርት የጻፉት ረቂቁን ወዴት ማዞር እንዳለብን ያሳያል። ጣሊያን እ.ኤ.አ. በ2017 ያወጣችው ሕግ ቁጥር 71 አዲስ ወንጀል ከመፍጠር ይልቅ ሥነ ሥርዓት ነው የዘረጋው። 14 ዓመት የሞላው ልጅ ወላጁን ሳያስቀድም ራሱ ይዘቱ እንዲነሣለት አገልግሎት ሰጪውን ይጠይቃል፤ በ48 ሰዓት ውስጥ ካልተነሣ ለመረጃ ጥበቃ ባለሥልጣኑ ያመለክታል፤ ጥፋተኛውን ታዳጊ ደግሞ የፖሊስ ኃላፊው ከወላጁ ጋር ጠርቶ ይገሥጸዋል። በአንጻሩ በካናዳ የኖቫ ስኮሺያ ክፍለ ሀገር አንዲት የ17 ዓመት ልጅ ከሞተች በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 በጥድፊያ ያወጣችውን ሕግ፣ ትርጓሜው ከልክ በላይ ሰፊ ነው በሚል ፍርድ ቤት በ2015 ሽሮታል። ለልጆች ተብሎ የተጻፈ ሰፊ አንቀጽ ነገ ሹመኛን በተቸ ጋዜጠኛ ላይ እንደማይመዘዝ ማንም ዋስትና ሊሰጠን አይችልም፤ ይህ በእኛ አገር የሩቅ ስጋት እንዳልሆነ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

እኛም ለዚህ የሚሆን መነሻ አለን። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቷል፤ የማስፈጸሙም ሥልጣን ለኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል። ባለሥልጣኑ የሕፃናትን አቤቱታ ብቻ በአስቸኳይ የሚቀበል ዴስክ እንዲኖረው ብንጠይቅ፣ አዲስ አዋጅ ሳይጠበቅ በመመሪያ ሊጀመር የሚችል ይመስለኛል።

የሥነ ልቦና አማካሪ፦
በአንድ ነጥብ ብቻ ልጨምር። ወላጅ በድንጋጤ መጀመሪያ የሚያደርገው የልጁን ስልክ መቀማትና አካውንቱን መዝጋት ነው፤ በዚህም ልጁ ሊያጽናኑት ከሚችሉ ጓደኞቹ ይለያል፤ ማስረጃውም አብሮ ይጠፋል። የቻናሉ አድራሻ፣ የመልእክቱ ሊንክና ሰዓቱ የሚታይበት ስክሪንሹት ከመወሰዱ በፊት ምንም ነገር እንዳይሰረዝ የሚል አጭር መመሪያ ከሐሳባችን ጋር ቢያያዝ መልካም ነው። ከዚህ የቀረው በረቂቁ የምክር አገልግሎት ክፍል ውስጥ ስለተጻፈ አልደግመውም።

ጸሐፊ፦
አስተያየቶቹን ካነበብሁ በኋላ የመጀመሪያውን ዓረፍተ ነገር አውጥቼ በሚከተለው ተክቼዋለሁ፦

«ማኅበራችን አዲስ የወንጀል አንቀጽ አይጠይቅም። በአዋጅ ቁጥር 958/2008 የተደነገገው ቅጣት ታዳጊዎችን በሚያስፈራሩ፣ በምስላቸው በሚነግዱና ገንዘብ በሚጠይቁ አዋቂዎች ላይ ያለ ማመንታት ተፈጻሚ እንዲሆን፤ ፈጻሚው ራሱ ለአካለ መጠን ያልደረሰ ሲሆን ጉዳዩ ከእስራት በፊት በተግሣጽ፣ በክትትልና በዳዩ ለተጎጂው በሚሰጠው ካሣ እንዲታይ፤ የልጆችን አቤቱታ ተቀብሎ ይዘቱ በ48 ሰዓት ውስጥ እንዲነሣ የሚጠይቅ አስቸኳይ ዴስክ እንዲቋቋም፤ ትምህርት ቤቶችም ድርጊቱ ከግቢ ውጭ ተፈጽሟል በሚል ምክንያት የተማሪን አቤቱታ ከመቀበል እንዳይታቀቡ በመመሪያ እንዲታዘዙ ይጠይቃል።»

ዋና መሥሪያ ቤታቸው በውጭ አገር የሆነ የማኅበራዊ ሚዲያ ድርጅቶች ለዴስኩ ጥያቄ ፈጥነው መልስ ላይሰጡ እንደሚችሉ አውቃለሁ። ቢሆንም ከአንዲት እናት ይልቅ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ቢጠይቃቸው መልስ የማግኘቱ ዕድል ይሻላል።

የሕግ ባለሙያ፦
«ካሣ» የሚለው የገንዘብ ክርክር ስለሚያስነሣ «በይቅርታና ጉዳቱን በመጠገን» ቢባል። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያሉትንም ለይቶ መጥቀስ ያስፈልጋል፤ እነርሱ በመደበኛው ሕግ ሊቀጡ የሚችሉ ሆነው ፍርድ ቤቱ ቅጣቱን ሊያቀልላቸው ይችላል። የ3 ወሩ የአቤቱታ ጊዜም ተጎጂው ልጅ ሲሆን እንዲራዘም ብንጠይቅ አንድ መስመር ይበቃዋል። በቀረው እስማማለሁ።

የወላጆች ተወካይ፦
ስለ ትምህርት ቤቶች የተጻፈው መስመር ስላለበት እስማማለሁ። ነገር ግን ተግሣጹ የት፣ በማን ፊት፣ በስንት ቀን ውስጥ እንደሚሰጥ ካልተጻፈ ተግሣጽ ነው ብዬ አልቀበለውም። ተጎጂዋና ወላጆቿ ከፈቀዱ በቦታው ተገኝተው የመናገር መብት እንዲኖራቸውም በረቂቁ ይካተትልኝ፤ ካልተካተተ የልዩነት ሐሳቤ በቃለ ጉባኤ እንዲመዘገብ እጠይቃለሁ።

ጸሐፊ፦
ሁለቱም ጥያቄዎች ተካተዋል። የተስተካከለው ረቂቅ በሚቀጥለው ስብሰባ ለድምፅ ይቀርባል።