የእናቴ የባቡር ቅናሽ ካርድ፦ የምታውቁ እርዱኝ

ሰላም ወገኖች፣ የምጽፈው ከደሴ ነው። እናቴ ማንቸስተር ያለውን ወንድሜን ልትጠይቅ ነው። አክስቴ ለንደን ስላለች በባቡር መመላለሷ አይቀርም። የእንግሊዝ የባቡር ዋጋ ደግሞ አይቀመስም!

እዚያ 60 ዓመት የሞላው ሰው ሲኒየር ሬልካርድ ካወጣ ከቲኬቱ ሲሶው ይቀነስለታል። ካርዱ ለአንድ ዓመት 35፣ ለሦስት ዓመት 80 ፓውንድ ነው። ዕድሜ የሚታየው በፓስፖርት ነው። ጭንቄም እዚሁ ላይ ነው። የቀበሌ መታወቂያዋም የልደት ሰርተፍኬቷም 1957 ዓ.ም. ይላሉ፤ ስልሳን አልፋለች። ፓስፖርቷ ላይ ግን 1967 እ.ኤ.አ. ተብሎ ወጣ። ቅጹን በትክክል ሞልተን ነበር፤ በጣም ያበሳጫል።

የተተረጎመ የልደት ሰርተፍኬት ይዞ ጣቢያው የቲኬት መስኮት ላይ የተሳካለት አለ? ወይስ መጀመሪያ ፓስፖርቱ ይታረም?

ቱ ቱጌዘር የሚባለውን የሁለት ሰው የቅናሽ ካርድም አይቻለሁ። ሲሶ የሚቀንሰው ግን ካርዱ ላይ ያሉት ሁለቱ ሰዎች አብረው ሲጓዙ ብቻ ነው። በሥራ ቀን ደግሞ በእኛ አቆጣጠር ከጠዋቱ 3፡30 በፊት አይሠራም። ወንድሜ ሥራ አለው፤ እናቴ ብዙውን ጊዜ ብቻዋን ናት።

እድሳትስ? ካርዱ ሲያልቅ ደሴ ብትሆን ከዚህ ሆነን ማደስ እንችላለን? ያያችሁት ካለ እባካችሁ ንገሩኝ፤ ጉዞዋ ደርሷል።