ፈረሱ ዛብ ሲሳብ ራሱን ሽቅብ ይወረውራል፤ ለጥር 23 ይደርሳል?

የኮሶበሩ፦
ሰላም ፈረሰኞች። አጎቴ እንጅባራ አጠገብ እርሻው ላይ ፈረስ ይገራል፣ የሰፈሩን ልጆችም ግልቢያ ያስተምራል፤ ነፍሱ እዚያ ነው። አሁን የያዘው ሦስት ዓመት ተኩል የሞላው ዳማ ፈረስ ሲመሩት ገር ነው፣ ኮርቻም አይጠላም። ሰው ወጥቶበት ዛቡ (ከልጓሙ ጋር የተያያዘው መሳቢያ ጠፍር) ሲሳብ ግን ራሱን ሽቅብ ይወረውራል፣ አፉን ይከፍታል፣ ወደ ግራ መዞርም እምቢ ይላል። ልጓሙ የጥንቱ ባለ ቀለበት ነው። አጎቴ «እልኸኛ ነው፣ ሲደክመው ይተዋል» ባይ ነው፤ ለጥር 23 ለሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሊያደርሰው ቆርጧል። ጀማሪ ልጆቹ ደግሞ ሶምሶማ ላይ እየነጠሩ ዛቡ ላይ ይንጠለጠላሉ። ምን ይደረግ?

ሰኮና፦
እልህ አይደለም፣ አፉ ነው። በዚህ ዕድሜ የወተት ጥርሱን እየነቀለ ስለሆነ ድዱ ያብጣል። ባለ ቀለበት ልጓም ደግሞ የታችኛውን መንጋጋ ዙሪያውን ይይዛል፤ ዛቡ ሲሳብ አፉ ውስጥ ያለው ብረት ወደ ላንቃው ይነሳል፣ ቀለበቱም አገጩን ይጨምቃል። ፈረሱ የሚሸሽበት ቦታ ሽቅብ ብቻ ነው።

ልጓሙን አውልቃችሁ በቀን ብርሃን እዩት። ከፊት ጥርሱና ከመንጋጋው መካከል ጥርስ የሌለበት ባዶ ድድ አለ፤ እዚያ ላይ ቁስል ወይም የደደረ ቆዳ ፈልጉ። ከላይኛው የመጀመሪያ መንጋጋ ፊት ትንሽ ሹል ጥርስ ካለች ብረቱ እየመታት ሊሆን ይችላል፤ የምትነቀለው በእንስሳት ሐኪም ነው፣ በጉጠት አትሞክሩ። ቁስል ካለ እስኪድን ብረት አፉ አይግባ፣ በአፍንጫ ማሰሪያ ብቻ ይሥራ። ከዚያ በኋላ መሃሉ ላይ የሚታጠፍ ልጓም ይበቃዋል፤ በአፉ ግራና ቀኝ ግማሽ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይትረፍ።

ግላስ፦
ሰኮና ያለው ልክ ነው፤ ጀርባውንም እዩ። ከግልቢያ በኋላ ግላሱን፣ ከኮርቻው ሥር የሚነጠፈውን ልብስ፣ ስታነሱ ላቡ እኩል መሆን አለበት። በላቡ መሃል መዳፍ የምታህል ደረቅ ቦታ ካለች ኮርቻው እዚያ እየተጫነው ነው። ኮርቻው ከጋማው መጨረሻ ካለው ከፍታ በላይ ሰው ተቀምጦበትም ሁለት ጣት ያሳልፍ።

ክብደቱንም አስሉ። የደረቱን ዙሪያ በሴንቲ ሜትር ለኩና በራሱ አባዙት፤ ያንን ከትከሻው ጫፍ እስከ ቂጡ ባለው ርዝመት አባዝታችሁ ለ11,900 አካፍሉ። ዙሪያው 145፣ ርዝመቱ 130 ከሆነ 230 ኪሎ ገደማ ነው። ከክብደቱ 20 በመቶ በላይ አይሸከም፣ ማለትም 46 ኪሎ፤ ኮርቻው 8 ኪሎ ቢሆን ለጋላቢው 38 ይቀራል። አጎትህ 70 ኪሎ ከሆነ በገመድ እያዞረ ያሠልጥነው፣ የሚወጣበት ቀላል ልጅ ይሁን። የጀርባ አጥንቱ ገና አልጠናም፤ ሽምጥ ለዘንድሮ ይቅርበት። በዓሉን የሚያከብረው የፈረሰኞቹ ማኅበር ከ1932 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፣ የከርሞው ጥር አይጠፋም።

ሽምጥ፦
በገመድ ያላችሁት ያስማማል፤ ያለ ቀለበት ልጓም ግን ጉግስ ላይ ማን ያቆመዋል?

ሰኮና፦
ማቆም የሚማረው ሜዳው ላይ አይደለም። 7 ሜትር ገመድ ያዝና በየአቅጣጫው 8 ደቂቃ ያህል አዙረው፤ በየዙሩ «ቁም» በል፣ ሲቆም ገመዱን ወዲያው አላላ። ፈረስ የሚማረው ሲላላለት ነው። እየሳብክ ከያዝከው በሳምንቱ አፉ ይደነዝዛል፣ ከዚያ የባሰ ብረት ያስፈልግሃል። ለበዓሉ ጩኸት ደግሞ መለከቱን 50 ሜትር ርቆ ይስማ፤ ጆሮውን ሲያላላና ሲያላምጥ ብቻ አስጠጉት።

ግላስ፦
ልጆቹን አትርሱ። ለጀማሪ ዛብ አይሰጥም። አሠልጣኙ ፈረሱን በገመድ ይያዝ፣ ልጁ ጋማውን ይዞ ዳሌውን ያላላ፤ መንጠሩ የሚመጣው በጉልበት ቆንጥጦ ከመያዝ ነው። ሶምሶማው አጭር ይሁን፣ አንድ ዙር ሶምሶማ፣ ሁለት ዙር እርምጃ። የእርካብ ጠፍሩን ለመለካት ጣቱን ጠፍሩ ከኮርቻው የሚወጣበት ላይ አድርጎ እርካቡ ብብቱ ከደረሰ ልክ ነው። በባዶ እግር በአውራ ጣት የሚያዘው ትንሹ እርካብ ሲወድቁ ይለቃል፤ ጫማ አድርገው ከገቡበት ግን እግር ይቀረቅራል፣ ፈረሱም ይጎትታቸዋል። ጫማ ከተደረገ እርካቡ ከጫማው 2 ሴንቲ ሜትር ይስፋ።

የኮሶበሩ፦
አፉን አየነው። በግራ በኩል፣ ከላይ፣ የስንዴ ፍሬ የምታህል ጥርስ አለች፤ ድዱም ቀልቷል። አጎቴ ልጓሙን ሰቅሎታል፤ ሐኪሙ ቅዳሜ ይመጣል።